ግንዱ ይቁም እንጂ አይተኛ

የጠያቂው ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ቀበና አካባቢ 300 ካሬ ነባር ይዞታ አለን። ከእናቴ፣ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር የምንኖርበት ጭቃ ቤት አርጅቷል። አፍርሰን ሙሉ በሙሉ የግንድ ቤት ልንሠራ ነው። ካናዳ ያለው የባለቤቴ ወንድም እንደሚኖርበት ዓይነት፣ ግንዱ በአግድም የተደራረበ። 60 የባህር ዛፍ ግንድ ገዝተን ግቢ ውስጥ ከምረናል፤ ከተቆረጠ ሦስት ሳምንቱ ነው። አሥር ግንድ ደግሞ ጽድ ነው ተብለን በውድ ገዛን። አናጢው ግንቦት ላይ እንጀምር ይላል። ባለቤቴ ፎቅና ሰፊ መስኮት ትፈልጋለች። እኔ ግንዱ በየክፍሉ እንዲታይ እፈልጋለሁ። እናቴ ደግሞ ‹ጭስ መውጫ የሌለው ቤት አልገባም› ብላለች። ከብሎኬት ይረክሳል የሚባለው እውነት ነው? መታጠቢያ ቤቱንስ በግንድ መሥራት ይቻላል? ከላዩ ቫርኒሽ ይሻላል ወይስ የተቃጠለ ዘይት?»

መጀመሪያ ግንዱን እንቁጠር። 8 በ10 ሜትር የሆነ ቤት ዙሪያው 36 ሜትር ነው። መሀል ላይ አንድ የ8 ሜትር ግድግዳ ሲጨመር 44 ይሆናል። 20 ሳንቲ ውፍረት ያለው ግንድ በአግድም ሲደራረብ፣ በታችኛው ጀርባ ላይ እንዲገጥም ሆዱ ይቦረቦራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ረድፍ የሚጨምረው ከፍታ 18 ሳንቲ ገደማ ነው። ለ2.7 ሜትር ግድግዳ 15 ረድፍ ያስፈልጋል። 15 በ44 ሲባዛ 660 ሜትር። ግንዳችሁ 6 ሜትር ከሆነ 110 ቀጥ ያለ ግንድ ማለት ነው። የበርና የመስኮቱን ብትቀንሱም፣ በየማዕዘኑ ተሻግሮ የሚወጣው ጫፍና የሚጣለው ጠማማ መልሶ ይበላዋል። እናንተ ጋ ያለው 60 ነው። ያውም ባህር ዛፍ ወደ ጫፉ ይቀጥናል።

ርካሽነቱን በተመለከተ፣ ርካሹ ግንዱ ነው፤ ውዱ እጁ ነው። በአግድም የሚገጠም እያንዳንዱ ግንድ ይነሣል፣ ይለካል፣ ይወርዳል፣ ይቦረቦራል፣ እንደገና ይነሣል። አልገጥም ካለ እንደገና ይወርዳል። ብሎኬት የሚደረድር ግንበኛ በየሰፈሩ ታገኛላችሁ። ይህን የሚችል አናጢ ግን በጣት የሚቆጠር ነው፣ የተገኘውም በእናንተ ቤት ላይ ሊማር ይችላል። በየሦስት ዓመቱ የሚቀባውን ቅባት ጨምሩበት። ግንድ የምትፈልጉት ስለምትወዱት ከሆነ ጥሩ። ገንዘብ ለመቆጠብ ከሆነ ግን ብሎኬት ሥሩ።

ሌላው ከዲዛይን በፊት የሚመጣ ጉዳይ ነው። ቦታችሁ መሀል ከተማ ነው። ከግንባታ ፈቃዱ በፊት የፕላን ስምምነት ይወጣል። ያ ወረቀት በእናንተ ቦታ ላይ ምን እንደሚፈቀድ ይነግራችኋል። በመሀል አዲስ አበባ አንዳንድ ቦታዎች ላይ ፕላኑ ከዚህ ፎቅ በታች አይሠራም ይላል። ቀበና ወንዝ አጠገብ ከሆናችሁ ደግሞ ከወንዙ ዳር ምን ያህል መራቅ እንዳለባችሁ ጠይቁ። መልሱ «አይቻልም» ከሆነ አርክቴክት ከመቅጠራችሁ በፊት ብታውቁት ይሻላል። አሮጌውን ቤት ከማፍረሳችሁ በፊትማ የግድ ነው። መጀመሪያ አፍርሶ ኋላ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ ይቀንሳል ለማለት እንኳ ያስቸግራል፣ ኢምንት ነው። በወርዱ ግን በደንብ ይቀንሳል። አሁን የተቆረጠ ግንድ ውስጥ ያለው ውሃ የደረቅ እንጨቱን ክብደት ከግማሽ በላይ ያህላል። የውሃው መጠን ወደ 30 በመቶ እስኪወርድ ድረስ አብዛኛው እንጨት መጠኑን አይለውጥም። ከዚያ በታች ሲወርድ ግን መኮማተር ይጀምራል። ባህር ዛፍማ ከዚያም በፊት ይጀምራል። ይህን ይዛችሁ በአግድም የተደራረቡትን 15 ግንዶች አስቧቸው። እያንዳንዱ በወርዱ ሲቀንስ ግድግዳው በሙሉ ወደ ታች ይቀመጣል። እርጥብ ግንድ ከሆነ ከከፍታው እስከ 6 በመቶ ሊወርድ ይችላል። በ2.7 ሜትር ላይ 16 ሳንቲ ማለት ነው። ስንዝር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው!

ጣሪያው 16 ሳንቲ ሲወርድ በሩ አይከፈትም። የመስኮት መስታወት ይሰነጠቃል። ደረጃው ያዘነብላል። በግድግዳው ውስጥ ቀጥ ብሎ የተሰቀለው የውሃ ቧንቧ ይጣመማል። ካናዳ ያለው ወንድማችሁ ቤት ይህ አይታይም። የማይታየው ግን ችግሩ ስለሌለ አይደለም። ከእያንዳንዱ መስኮትና በር በላይ ባዶ ክፍተት ተትቶ በጣውላ ተሸፍኗል። ከምሰሶዎቹ ሥር በጥርስ የሚዞር ክሪክ አለ። ባለቤቱ ግድግዳው በወረደ ቁጥር በየጊዜው እየዞረ ያወርደዋል። እዚያ የሚሠራበት እንጨትም ቀጥ ብሎ የሚያድግ፣ ረጅም፣ ለስላሳ የጥድ ዘር ነው።

የእናንተ ባህር ዛፍ ነው። ባህር ዛፍ ጠንካራ ነው፤ ማንም አይክደውም። ምኒልክ አዲስ አበባ ማገዶ ሲያጥራት ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን እዚሁ ካቆሟት ነገሮች አንዱ በፍጥነት የሚያድገው ባህር ዛፍ ነው። ግን ጭረቱ ብዙ ጊዜ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ነው፣ ሲደርቅ ይዞራል። በቁሙ ሳለ ውስጡ ተወጥሮ ስለሚያድግ፣ በተቆረጠ ቀን ጫፉ ይሰነጠቃል። ዛሬ የገጠማችሁት ግንድ በሚቀጥለው ጥር ተጠማዝዞ ከወንድሙ ይለያል። በሁለቱ መሀል እጃችሁን ታስገባላችሁ።

እና ግንድ ቤት አይሠራም ማለቴ ነው? አይደለም። የምላችሁ ግንዱን አታስተኙት፣ አቁሙት ነው።

ልታፈርሱት ያሰባችሁትን ጭቃ ቤት ተመልከቱት። እሱም የባህር ዛፍ ቤት ነው። ቋሚ ተተክሏል፣ ማገር ታስሯል፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ ተመርጎበታል። አባቶቻችን ግድግዳውን ሲያቆሙ እንጨቱን በቁሙ ነው የተጠቀሙበት። የቆመ እንጨት በርዝመቱ ስለማይቀንስ ጣሪያው ካለበት አይወርድም። በሩ አይነክስም፣ ክሪክ አያስፈልግም። የአዲስ አበባ ጭቃ ቤት ጉድለቱ ሌላ ነው። ቋሚው መሬት ውስጥ ስለሚቀበር አፈሩና አየሩ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ይበሰብሳል። ከላይ ደህና የሆነ ቤት ከታች ይሰምጣል። የቤታችሁን አንድ ማዕዘን ቆፍራችሁ እዩ፣ የምለውን ታገኙታላችሁ። ስለዚህ አሠራሩን አትጣሉት፣ እግሩን ብቻ አስተካክሉለት። ከመሬት ቢያንስ 50 ሳንቲ ከፍ ያለ የጥቁር ድንጋይ መሠረት፣ በላዩ የአርማታ ቢም፣ በቢሙ ላይ ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ፣ ከዚያ የታችኛው አግዳሚ እንጨት በቡሎን ታስሮ፣ ግንዶቹ በላዩ ይቆማሉ። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌና ከአዋሽ አካባቢ የመጣው መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ ከተሰማን ወዲህ ብዙ ሰው ስለዚህ ይጠይቀኛል። የእንጨት ግድግዳ ቀላልና እሺ ባይ ስለሆነ ለመንቀጥቀጥ መጥፎ አይደለም፣ ግን ከመሠረቱ ጋር በቡሎን ከተያያዘ ብቻ ነው።

የቆመ ግንድ ችግር የለበትም አላልኩም። ወደ ጎን ይቀንሳል። ከ18 ሳንቲ ወርድ ላይ አንድ ሳንቲ ገደማ ወይም ከዚያም በላይ ሊጠፋ ይችላል። በየግንዱ መሀል ስንጥቅ ይከፈታል፣ የቀበና የኅዳር ሌሊት ብርድ በዚያ ይገባል። መፍትሔው ቀላል ነው። የእያንዳንዱ ግንድ ሁለት ጎን በመጋዝ ጠፍጣፋ ይደረጋል። በጎኑ ላይ ቦይ ይወጣለታል፣ በሁለቱ ቦዮች መሀል ቀጭን የጣውላ ምላስ ይገባል፣ ግራና ቀኙ በቃጫ ይጠቀጠቃል። ግንዱ ሲቀንስ ምላሱ ክፍተቱን ይሸፍናል። በሲልከን አትድፈኑት። አንድ ዓመት ይይዝና ይገነጠላል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ውሃ ያግታል።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ሳሎኑን ብቻ በቆመ ግንድ ሥሩት። መኝታ ቤቶቹን፣ ማድ ቤቱንና መታጠቢያ ቤቱን በብሎኬት። ሳሎኑ 5 በ7 ሜትር ይሁን፣ በሦስት ጎን ውጭ የሚያይ። ሦስቱ ጎን 17 ሜትር ነው። 5 ሜትሩ በርና መስኮት ከሆነ 12 ሜትር ግድግዳ ይቀራል። በ18 ሳንቲ ሲካፈል 67 ቋሚ። ከአንድ ባለ 6 ሜትር ግንድ ሁለት የ2.6 ሜትር ቋሚ ይወጣል። ስለዚህ 34 ያህል ግንድ ይበቃል። ከ60ው ጠማማውንና የተሰነጠቀውን ጥላችሁ፣ ቀጭኑን ለበረንዳ ምሰሶና ለወራጅ ትጠቀሙበታላችሁ። ግንዱ በየክፍሉ ይታይ ላልከው፣ የጣሪያውን ወራጅና አግዳሚ በመኝታ ቤቶቹም ሳትሸፍን ተወው። ግድግዳው ብሎኬት ቢሆንም ዓይንህ የሚያርፈው እዚያ ነው።

መታጠቢያ ቤት በግንድ? በፍጹም። በየቀኑ የሚረጥብና የሚደርቅ እንጨት የሻጋታ ቤት ነው። ሴራሚክም በሚንቀሳቀስ ግድግዳ ላይ አይቆይም። የብሎኬቱን ክፍልና የግንዱን ክፍል ደግሞ በሲሚንቶ አታጣብቋቸው። በሁለቱ መሀል ሁለት ሳንቲ ክፍተት ይኑርና በጣውላ ይሸፈን፤ ጣውላው በአንድ ወገን ብቻ ይመታ።

ፎቁን ተዉት። በቆመ ግንድ ላይ ፎቅ መጫን ይቻላል፣ ግን ስሌቱን ለመሐንዲስ መስጠት አለባችሁ፣ ወጪውም ሌላ ነው። በምትኩ ከሳሎኑ ግማሽ በላይ ቆጥ አውጡ። ልጆቹ ሽቅብ መውጣት ይወዳሉ፣ እማማም ደረጃ አይወጡም። መስኮቱን በተመለከተ ባለቤትህ ልክ ናት፣ አቅጣጫውን ግን ምረጡ። ሰፊው መስኮት ወደ ምሥራቅ ይሁን። ማለዳ ብርድ ሲሆን ፀሐይ ይገባላችኋል። ወደ ምዕራብ ያለ ሰፊ መስታወት ከሰዓት በኋላ ያቃጥላችኋል። አንድ ነገር ደግሞ ሁሉም ይረሳዋል። የአዲስ አበባ ቤት ሌሊት የሚቀዘቅዘው ከግድግዳው ይልቅ ከቆርቆሮው ነው። ከኮርኒሱ በላይ ሙቀት የሚይዝ የመስታወት ሱፍ (ከመስታወት ክር የተሠራ ንጣፍ) ካላነጠፋችሁ ግንዱ ብቻውን አያሞቃችሁም። በግንዱ ሥራ የሚተርፈውን ሰጋቱራ ግን እዚያ እንዳታፈሱት። የሚነድ ነገር ነው፣ የአይጥም መኝታ ይሆናል።

እማማ ስለ ጭስ ያሉት ከሁላችሁም ይበልጣል። ጭቃ ቤቱ በየቀዳዳው ይተነፍስ ነበር። አዲሱ ቤት በደንብ ከተገጠመ አይተነፍስም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ምድጃ ይገድላል፤ የሚያወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ሰው ተኝቶ ይቀራል። ለቡናው ሥርዓት ሳሎኑ ጣሪያ ሥር የማይዘጋ መተንፈሻ ይኑረው፣ ከታችም አየር የሚያስገባ። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፣ ሌሊት ደግሞ እሳት የያዘ ምድጃ ቤት ውስጥ አይደር። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ማድ ቤት ውስጥ በብሎኬት ክፍል ይቀመጥ። ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ስለሚስብ ከቆጣሪው ጀምሮ የራሱ መስመርና የራሱ ፊውዝ ያስፈልገዋል። በግንዱ ግድግዳ ላይ የሚያልፍ ሽቦ ሁሉ በብረት ቱቦ ውስጥ ይሂድ። ትልቅ ግንድ ቶሎ አይነድም። በደቂቃ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም የሚከስለው። ቤት የሚያቃጥለው ቀጫጭኑ ጣውላ፣ መጋረጃውና የላላው ሽቦ ነው።

ጽድ ስለተባለው። ገበያ ላይ ሁለት ዛፍ በአንድ ስም ይሸጣል። የሐበሻ ጽድ ውስጡ ቀላ ያለ ነው፣ ሲፋቅ እርሳስ ሲቀረጽ የሚሸተውን ይሸታል። በእርግጥም በውጭ አገር ለእርሳስ የሚፈለግ እንጨት ነበር። ምስጥም መበስበስም አይደፍሩትም። የፈረንጅ ጽድ ግን ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው፣ ለኮርኒስና ለበር ደህና ነው፣ እርጥበት አይችልም። ጫፉን ትንሽ ላጥ አድርጋችሁ አሽቱት። የሐበሻው ከሆነ ለታችኛው አግዳሚና ለበር ደፍ አስቀምጡት፤ ሻጩንም የማዘዋወሪያ ወረቀት ጠይቁት። አገር በቀል ጽድ ከመንግሥት ደን መቁረጥ ክልክል ነውና እዳው ከእናንተ ጋር እንዳይቀር። ከፈረሱ አሮጌ ቤቶች የሚወጣ ጽድ ካገኛችሁ ከሁሉ ይሻላል፣ ደርቆ ያለቀ ነው። ተቃራኒው አሮጌ የመብራት ምሰሶ ነው። «እድሜ ልክ አይበሰብስም» ብለው ይሸጡላችኋል። የማይበሰብሰው መርዝ ስለጠጣ ነው። ቤት ውስጥ አይግባ፣ ቁርጥራጩም ለማገዶ አይሁን።

ቅባቱ፦ የተቃጠለ ዘይት አይሆንም። ወደ ውስጥ አይዘልቅም፣ ይሸታል፣ ይነዳል፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ቅባት አይዝም። ቫርኒሽም በውጭ በኩል አይሆንም። የከፍታችን ፀሐይ የቫርኒሹን ስስ ሽፋን ይሰነጥቀዋል፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ ከሥሩ እንጨቱ ይጠቁራል። መፋቁ ደግሞ የሰው ዕድሜ ይፈጃል። ቀለም ያለበት፣ ወደ ውስጥ የሚሠርግ የእንጨት ዘይት ተጠቀሙ። ያለ ቀለም የተልባ ዘይት ብቻውን ይሻግታል። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አትጣሉ፤ በራሱ ግሎ ይነዳል። ውሃ ውስጥ ንከሩት። ከሁሉም ቅባት በላይ ግን ጣሪያው ነው የሚጠብቃችሁ። ክዳኑ ከግድግዳው ቢያንስ 90 ሳንቲ ይውጣ፣ አሸንዳም ይኑረው።

ግንቦት ላይ መጀመር የሚለውን አናጢ አመስግኑትና ለጥቅምት ቅጠሩት። በግንቦት የጀመረ ሰው ሰኔ ላይ ጣሪያ የሌለው ግድግዳ ይዞ ክረምት ይገባል። ክረምቱን ለወረቀቱና ለንድፉ ተጠቀሙበት። በጥቅምትና በኅዳር መሠረቱና የብሎኬቱ ክፍል ይሠራ። ግንዱ በጥር ይቁም፣ የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ ክዳኑ ይግባ። ያን ጊዜም ግንዱ ሙሉ በሙሉ አይደርቅም፤ 20 ሳንቲ ግንድ በአንድ በጋ እስከ ልቡ አይደርቅም። ቦዩና ምላሱ የተደረገው ለዚሁ ነው።

ግንዶቹን ግን ነገ አትበሉ። ልጣጩ ሳይደርቅ አሁኑኑ ላጧቸው፤ አንድ ወር ከቆየ ከእንጨቱ ጋር ይጣበቃል፣ ነቀዝም ከሥሩ ይራባል። ሁለቱን ጫፍ በሬንጅ ቀቡ፣ ስንጥቁ ይቀንሳል። ወደ ቤቱ ውስጥ በሚሆነው ጎን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እስከ መሀሉ የሚደርስ አንድ የመጋዝ ቦይ አውጡ። ግንዱ መሰንጠቁ ካልቀረ እናንተ በመረጣችሁት በኩል ይሰንጠቅ። እርጥብ ሳለ ከነቀዝና ከመበስበስ እንዲጠብቀው በውሃ የተበጠበጠ ቦራክስና ቦሪክ አሲድ ቀቡት፣ በእርጥብ እንጨት ውስጥ ራሱ ይሠርጋል። ጓንት አድርጉ፣ ልጆቹን አርቁ። ዝናብ ያጥበዋልና ከዚያ ወዲያ አይረጠብ። ከዚያ ከመሬት 40 ሳንቲ በብሎኬት አንሡት፣ በየረድፉ መሀል ሙራሌ አስገቡ፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ ጎኑ ክፍት። በፕላስቲክ አትጠቅልሉት።